ደምለው እና ነፃው አምባ

ደምለው ደክሞታል። ነገሩን ከዚህ የምጀምረው ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሲያወራ ግትርነቱን ስለሚያስቀድም ነው፤ ድካሙን የሚያነሳለት የለም። ቢቸና መናኸሪያው አጠገብ፣ ከፋርማሲው ቀጥላ ባለች ጠባብ ቤት ማመልከቻ ይተይባል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ መብራት ባለበት ቀን የሰው ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። ቤቷን መሐል ላይ መጋረጃ ይከፍላታል። ከመጋረጃው ጀርባ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። እኔ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጠብ ሳገላብጥ እውልና ስወጣ እግሬ በቀጥታ ወደዚያ ይወስደኝ ነበር። ሚስቴ ይህን ባታነብብኝ ይሻላል።

እዚያ የምንጫወተውን ጨዋታ «አምባ» እንለዋለን። የፈረንጅ ስም አለው፤ ከመካከላችን አስተካክሎ የሚጠራው ስለጠፋ ቀረ። ሁለት ሰው በየራሱ ኮረብታ ላይ ይሰፍራል፣ ያርሳል፣ እንጨት ይቆርጣል፣ ግንብ ይገነባል፣ ወታደር ያሰለጥናል። በመጨረሻ የባላንጣውን አምባ የያዘ አሸነፈ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እየተባለ በየጊዜው ሲወጣ ኖሯል፤ እኛ ጋ ያለው ሦስተኛው ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ሁለት ኮምፒውተር በገመድ ካያያዝክለት ሌላ አይጠይቅህም። ኔትወርክ ለወራት ጠፍቶ የከተማው ሰው ስልኩን እያገላበጠ ሲቆዝም፣ እኛ ከመጋረጃው ጀርባ አምባ ስንይዝና ስንለቅ ከረምን። ያን ጊዜ ያለዚያ ቤት እንዴት አድርጌ አልፈው እንደነበር አላውቅም።

የደምለው ግትርነት የሚባለው እንግዲህ ሕጉ ነው። ደምለው በወጣትነቱ የቅኔ ተማሪ ነበር። አባቱ ሲሞቱ መሬቱን የሚይዝ ሰው ታጣና መምህር ሳይሆን ተመለሰ። በቅኔ ቤት ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። ካማረ ሰሚው «ይበል!» ይልለታል፣ በዚያው አለቀ። ባለቤቱ ራሱ በማግሥቱ ያንኑ ይዞ ቢቆም ይታፈርበታል፤ ሌላ ቆጥሮ፣ በልቡ አሰናድቶ፣ መምጣት አለበት። ደምለው ይህንኑ ወደ አምባ አመጣው። አንድ ሰው በአንድ መንገድ ካሸነፈ፣ በዚያ መንገድ ዳግመኛ ማሸነፍ አይፈቀድለትም። ሌላውም ሰው ያንኑ ሊደግመው አይችልም።

አዲስ ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ ይበሳጫል። የባጃጅ ሹፌሩ የኔሰው መጀመሪያ የመጣ ሰሞን፣ «ያሸነፍኩበትን ዘዴ ለምን እተወዋለሁ?» ብሎ ተሟግቶ ነበር።

«ያሸነፍክበትማ ካሁን ወዲያ የሁላችንም ነው» አለው ደምለው። «ሌላ አምጣ።»

የደገመ ሰው ሲያይ አይቆጣም፣ አይሳደብም። ዝም ብሎ እጁን ይዘረጋና የሰውየውን ስክሪን ያጠፋዋል። የፈለገውን ያህል ያሸነፈ ቢሆን ያጠፋበታል። ስንት ጎረምሳ በዚህ ተቀይሞ ቀርቷል! የቀረነው ግን ቀስ በቀስ ገባን። ነገ የምትመጣበትን መንገድ ማንም አያውቀውም፣ አንተም አታውቀውም። ስለዚህ ቢሮ ቁጭ ብለህ ታስባለህ፣ መንገድ ስትሄድ ታስባለህ። ከመጫወቱ በፊት ደምለው ጋቢውን ተከናንቦ ከቤቱ ኋላ ባሕር ዛፎቹ ሥር ብቻውን ይቆማል። «ቆጠራ ወጣ» እንል ነበር። ሲመለስ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ የአምባውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ተወው፤ የኔሰው ጦሩን ሁሉ ይዞ ዘው ቢል ውስጡ ባዶ። የደምለው ሰዎች ለካ ሌሊቱን ወርደው የኔሰውን ኮረብታ ይዘውታል። ይበል! ብለን ስንጮህ የፋርማሲዋ ባለቤት ግድግዳውን ደበደበችው። እያንዳንዱ ድል ስም ነበረው፤ ያቺን «ባዶ በር» አልናት።

ሕጉን ሳያጉረመርም የተቀበለ አንድ ሰው ቢኖር የሞጣው አካለ ወልድ ነው። የኬሚስትሪ መምህር ነው። ከደምለው ጋር በአንድ ቅኔ ቤት አንድ ጎጆ ውስጥ አድረዋል፣ አብረው ቁራሽ ለምነዋል። እሱም ሞጣ ላይ እንደኛው ያሉ ሰዎች ሰብስቦ በዚሁ ሕግ ያጫውት ነበር። በየዓመቱ በዳግማይ ትንሣኤ፣ አንድ ዓመት እነሱ ወደ ቢቸና፣ አንድ ዓመት እኛ ወደ ሞጣ እንሄድና ሁለቱ ይገጥማሉ። መንገዱ መዘጋጋት ሳይጀምር በመጨረሻ የተገናኙት እኛ ጋ ነበር። አካለ ወልድ አንድም ወታደር ሳያሰለጥን ገበሬዎቹን በሙሉ በደምለው ኮረብታ ጓሮ አዙሮ ጎተራውን ያዘበት። ጦር ያለ እህል ምን ያደርጋል? ደምለው እጁን ሰጠ፤ ሲስቅ ደግሞ እንባው መጣ። «ጎተራው» ተባለች። ከዚያ ወዲህ መንገዱ አላገናኛቸውም። ይደዋወላሉ ብቻ፣ ኔትወርኩ ሲፈቅድ።

ወሬው የመጣው በዚህ መሐል ነው። አምባን የሚሠራው ድርጅት ከእንግዲህ አዲሱ አምባ በነፃ ነው አለ። በኮምፒውተርም በስልክም፣ ለፈለገ ሁሉ። የኔሰው ባጃጁን መንገድ ላይ ጥሎ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ገባ።

«ጋሼ ደምለው፣ ሰምተዋል? ነፃ ሆነ!»

ቴሌግራም ላይ የአገሩ የአምባ ወዳጅ ሁሉ ይንጫጫል። የኔሰው እየጮኸ ያነብልን ጀመር። አዲስ አበባ ያሉት፣ ገንዘብ አውጥተው የገዙት፣ ስንት ዓመት የደከምንበትን ለመጣ ለሄደው በተኑት እያሉ ያለቅሳሉ። አንዱ ከእንግዲህ የሚያሸንፈው ብር ያለው ነው ይላል። ሌላው ነፃ ነገር ላይ ማጉረምረም ጥጋብ ነው ብሎ ይመልስለታል። አንዷ፣ በመጨረሻ ለድሃም ደረሰ፣ ተመስገን ብላለች። እኔ ሳቄ መጣ። የእኛ አምባ ከባሕር ዳር በፍላሽ ተገልብጦ የመጣ ነው። ለእኛ መቼ ተሸጦልን ያውቃል? ከፍሎ የማያውቅ ሰው ነፃ ሆነ ሲሉት እንዴት እንደሚፈነጥዝ ያን ቀን አየሁ፤ አንዱ የኔሰውን አቅፎ አነሳው።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት ደምለውን።

የሰው ማመልከቻ እየተየበ ነበር፤ ቀናም አላለም። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» አለኝ። ከዚያ ግን ተነሳና ለልጆቹ ሲል አዲሱን ጫነው። ጎምዛዛ ሰው ነው እንጂ ክፉ አይደለም።

አዲሱ አምባ ያምራል፣ መቼም አልዋሽም። ፈረሱ ሲሮጥ አቧራው ይታያል። ነገር ግን ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም፤ ላም አለኝ በሰማይ። ኔትወርክ መሐል ላይ ከተቆረጠ እንደተሸነፍክ ይቆጠርብሃል። ጠንካራው ፈረሰኛ ይሸጣል፤ ብሩ ቢኖርህ እንኳ ከቢቸና ሆነህ የምትከፍልበት ካርድ የለህም። ለሌለው ደግሞ ማስታወቂያ አለ። ማስታወቂያውን ዓይንህን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ካየህ አንድ ቀን ፈረሰኛውን ያውሱሃል። የኔሰው ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ በማያውቀው ቋንቋ የሚለፈልፍ የሳሙና ማስታወቂያ ሲያይ ይውላል። «ምን እያየህ ነው?» ስትለው «ፈረስ እያገኘሁ» ይልሃል።

ይሄ ሁሉ ግን ደምለውን አልጎዳውም። የጎዳው ሌላ ነው። አዲሱ አምባ ከማታውቀው ሰው ጋር ያገጥምህና ደረጃ ይሰጥሃል። ደረጃ የሚወጣው ደግሞ አንድ የሚያሸንፍ መንገድ ይዞ መቶ ጊዜ የደጋገመ ነው። ቪዲዮ አለ፤ መጀመሪያ ይህን ሥራ፣ ቀጥሎ ያን ሥራ፣ ከዚያ ጥቃት። ዓለም ሁሉ ያንን እየቀዳ ይጫወታል። ደምለው ሞከረው። አንዴ ያሸነፈበትን ትቶ በሌላ ይገባል፤ ያሸንፍና ያንንም ይተዋል። ደረጃው ቁልቁል ወረደ። አንድ ቀን ስገባ ብቻውን ተቀምጦ ስክሪኑን ያያል። «ለአስረኛ ጊዜ በዚያችው ጥቃት መጡብኝ» አለኝ። «ሰውየው የተለያየ ነው፤ ነገሩ ያው አንድ ነው። ከማን ጋር እንደምጫወት እንኳ አላውቅም።»

እኔም ተቆጣሁ። ምን አደከመህ፣ አንተም እንደ ሰው ደግመህ አሸንፍ አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ወጣሁ።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሰው እየሳሳ ሄደ። ሁሉም ስልኩ ላይ ሆነ፤ ባጃጅ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ ያንኑ ጥቃት ይደግማል። ማንም ከደምለው ጋር አልተጣላም። እንዲያው መምጣት ተዉ። ሚስቱ ይርጋነሽ መጋረጃውን አንስታ ቦታውን ለጤፍ ማስቀመጫ ልታደርገው ፈልጋ ነበር፤ አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ጠየቀችው።

«ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ» አላት። «አካለ ወልድን ልየውና።»

«እሱም ቢተወውስ?»

«አካለ አይተወውም። አንድ ሰው ከቀረኝ ይበቃኛል፤ ለአንድ ሰው ስል አራቱንም ኮምፒውተር አስቀምጣቸዋለሁ። እሱም ከሌለ፣ አንቺ እንዳልሽው።»

ይርጋነሽ ወደ እኔ አየች።

ዘንድሮ መንገዱ ተከፈተ። ፋሲካን ውለን፣ በሳምንቱ ቅዳሜ ደምለው ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እኔ የሚስቴን ቁጣ ተሸክሜ በሚኒባስ ተነሳን። ደምለው እንደዚያን ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቆየው አንድ ነገር አለ። ማንም ሞክሮት የማያውቅ፣ አካለ ወልድን አፉን የሚያስከፍተው። ምን እንደሆነ ግን ለእኔም አልነግርህም አለ። ግንደወይን ላይ መኪናው ተሳፋሪ እስኪሞላ ቆመ፤ ፍተሻ ነበረ፣ ወረድን፣ ወጣን። ላፕቶፑን ምንድነው ብለው ሲያስፈቱት እንኳ ፊቱ አልተቀየረም።

ሞጣ አካለ ወልድ ቤት ስንደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ከስቷል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» አለ ሳይነሳ። «ካቋረጥኩ ደረጃዬ ይወርዳል።»

ደምለው ጋቢውን እንደታቀፈ ቆሞ ጠበቀው። እኔ ነኝ የተናደድኩት። ስንት ጊዜ ስትናፍቀው የነበረ ጓደኛህ በር ላይ ቆሞ! ጨረሰና ብድግ ብሎ አቀፈው፤ ሲተቃቀፉ ግን የእውነት ነበር፣ ሁለቱም ቶሎ አልተላቀቁም። ባለቤቱ አስናቀች ምሳ አቀረበች፤ «ብሉ እንጂ፣ ምነው ተዋችሁት» እያለች አጨናነቀችን። ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቅነው። ይከፈታል ይሉናል፣ እንሄዳለን፣ ተማሪ የለም፣ እንመለሳለን አለ። ስለ ሞጣዎቹ ተጫዋቾችም ጠየቅነው። ሁሉም ስልካቸው ላይ ናቸው አለና እጁን ታጠበ።

ሁለቱን ኮምፒውተር በገመድ አያያዝናቸው። ደምለው እንደ ልማዱ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ጓሮ ወጣ። አካለ ወልድ አልወጣም። ከእኔ ጋር ተቀምጦ ጣቱን እያንቋቋ ጠበቀ።

ጀመሩ። ደምለው ምን አደረገ መሰላችሁ! አምባውን ኮረብታው ላይ አልሠራም። ኮረብታውን ባዶውን ትቶ ሁሉን ነገር ወንዙ ዳር፣ ሜዳው ላይ ዘረጋው። ለጦር የማይመች የሚመስል፣ ግን ውሃውን ከላይ ጠልፎ የአካለ ወልድን እርሻ የሚያደርቅ ነገር ነው። እኔ ከጀርባው ቆሜ አያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከየት አመጣው? ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን በልቡ ይዞ ነው ለካ ማመልከቻ ሲተይብ የኖረው።

ከዚያ ዓይኔን ወደ አካለ ወልድ ስክሪን መለስኩ። አንድም ወታደር የለውም። ገበሬዎቹ ማረሻቸውን ጥለው ተሰልፈው በጓሮ በኩል ይዞራሉ። ወደ ጎተራው።

ደምለውም አየ። ማውዙ ላይ ያለው እጁ ቆመ። እጁን ዘርግቶ ስክሪኑን እስኪያጠፋው ጠበቅሁ፤ ሲያጠፋ ደግሞ እኔ ራሴ ተነስቼ ላፕቶፑን ልሸክም ተዘጋጅቼ ነበር። አላጠፋም። ሁለት ወታደር ጎተራው በር ላይ ቢያቆም ነገሩ ያበቃ ነበር፤ አላቆመም። ገበሬዎቹ ገቡ። እህሉ ተያዘ። የወንዙ ነገር እንደተጀመረ ቀረ።

«አለቀ» አለ አካለ ወልድ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ።

«አካለ» አለው ደምለው። «ይቺ እኮ ጎተራው ናት።»

«አውቃታለሁ።»

እኔ ረስቶት ነው ብዬ ነበር፤ ስልኩ ላይ ስለለመደ እጁ ሳያውቀው ሄዶበት ነው ብዬ ነበር። አውቃታለሁ አለ! ደምለው ቀና ብሎ አየው።

«ትመጣለህ ካልከኝ ጀምሮ ልቆጥር እቀመጣለሁ» አለ አካለ ወልድ። «እዚሁ በረንዳው ላይ። ምንም አይመጣልኝም፣ ደምለው። ባዶ ነው። ሲነጋ ትምህርት ቤቱ ይከፈት ይሆን እላለሁ፣ ሲመሽ መንገዱ ይዘጋ ይሆን እላለሁ፣ ከዚያ የተረፈ ሐሳብ የለኝም። ስልኩን የወደድኩት ስለማያሳስብ ነው። ያችኑ ደጋግመህ ትነካታለህ፣ ሰዓቱ ይሄድልሃል። አትምጣ ልልህ ነበር፤ አንተን ማየቱን ደግሞ ፈለግሁ። ደክሞኛል። እንዲያው ደክሞኛል በቃ።»

አስናቀች ሰሃን እያነሳች ነበር፤ ቆማ ሰማችው። ይህን ለእሷም ነግሯት እንደማያውቅ ከፊቷ አየሁ።

ደምለው ምን እንደሚል አላወቅሁም። ሕጉን ሲያፈርስ ያየውን ሰው ሁሉ ስክሪኑን ሲያጠፋበት ነው የማውቀው፤ ስንቱን ወዳጁን በዚህ አስቀይሟል።

«እንደገና እንጀምር» አለው። «እሷኑ አምጣት።»

ሁለተኛ ገጠሙ። ደምለው ወንዙን ትቶ እንደማንም ሰው ኮረብታው ላይ ሰፈረ። ገበሬዎቹ መጡ፣ ጎተራውን ያዙ። ሦስተኛም ገጠሙ። በሦስተኛው አካለ ወልድ ትንሽ ፈገግ ብሎ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ አላነሳውም። ደምለው አንድም ወታደር ጎተራው በር ላይ አላቆመም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ተነሳን። መኪናው ውስጥ ብዙ ከታገስኩ በኋላ አልቻልኩም።

«ሁለት ወታደር ብታቆም ኖሮ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሕጉስ? ለእኛ ለእኛ ሲሆን ስክሪን ታጠፋለህ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ከፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ዞሩ።

«ሕጉ የተሠራው ነገ ሌላ ለሚመጣለት ሰው ነው» አለ ደምለው። በመስኮቱ ወደ እርሻው እያየ ነበር። «የወንዙን እኮ የቆጠርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ስቆም የምታዩኝ ዝም ብዬ ነው። አንድም መጥቶልኝ አያውቅም።»

ይርጋነሽ ስለ መጋረጃው ስትጠይቀው ምን ሊላት ይሆን ብዬ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። እሱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበና ዓይኑን ጨፈነ። ደብረ ወርቅ እስክንደርስ የተኛ መስሎኝ ነበር፤ መኪናው ለፍተሻ ሲቆም ግን ሰው ሳይቀሰቅሰው ወረደ።